በታክሲ ውስጥ የተጨረሰ ዲግሪ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊያ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ወዳለ አንድ የምግብ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ይዛኝ ሄደች የምለው መሪውን የያዘችው እሷ ስለሆነች ነው። ዴንቨርን ከዳር እስከ ዳር በታክሲ ያካለልኩትን ሰውዬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጎኗ አስቀምጣ «ዳዲ፣ ሲትቤልት» እያለች ነው የምትነዳኝ። አትክልት ከተደረደረበት ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት አንድ እስር ዲል አንስታ ውሃውን አራገፈችው። ዲል የእኛን እንስላል የሚመስል፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ነው። ሽታው አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ ባለሁበት ቆምኩ። ሊያ ጋሪውን እየገፋች ሄዳ ሄዳ ዞር ብትል የለሁም። ተመልሳ መጣችና «አር ዩ ኦኬይ? ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ምንም፣ ይሄ ቅጠል ሸተተኝ» አልኳት። «ጀስት ዲል እኮ ነው፣ ዳዲ» አለች። እሷ ምን ታድርግ፣ ለእሷ ዲል ነው። ለእኔ ግን የአንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ሽታ ነው።

ጃኬቱን የገዛሁት ኢስት ኮልፋክስ ላይ ከነበረ የአሮጌ ልብስ መደብር በአሥራ ሁለት ዶላር ነው። ክርኑ ላይ ትንሽ ከመላጡ በቀር እንከን አልነበረውም። ያን ጊዜ በአሥራ ሁለት ዶላር ሰው ጃኬት ገዝቶ ምሳውንም በልቶ ይተርፈው ነበር። ቤንዚን ሁለት ዶላር ሊገባ ነው ተብሎ ባለ ታክሲው ሁሉ የሚያለቃቅስበት ዘመን ነው፤ አሁን ሁለት ዶላር ቢሉኝ ጄሪካን ይዤ እሰለፋለሁ። ስልካችን ታጣፊ ነበር፤ ስታጥፈው ቀጭ ይላል፣ የተናደድክበትን ሰው ስትዘጋበት ደስ የሚል ድምፅ ነበረው። አገር ቤት የሚደወለው በካርድ ነው። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስን ይዞ ሲሄድ በየፌርማታው ጥግ እነዚህ የስልክ ካርዶች በሱቅ መስታወት ላይ ተለጥፈው ይታያሉ፤ አንበሳ የተሳለበት፣ ፏፏቴ የተሳለበት፣ አምስት ዶላር ከፍለህ በሳንቲም ፍቀህ ቁጥሩን የምታወጣው። በካርዱ ስትደውል የምትመልስልህ የተቀዳች ሴትዮ ድምጿ ለስላሳ ነው፤ «ዘጠና ደቂቃ አለዎት» ትልህና ገና የእናትህን ጤና ሳትጠይቅ «አንድ ደቂቃ ቀርቶዎታል» ትላለች። ያቺ ሴትዮ የስንቱን ወሬ እንደቆረጠች እግዜር ይቁጠረው።

ወደ አየር ማረፊያው ስትሄድ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ሜዳ አለ። ሕይወታችን እዚያ ነበር። ሰዉ ግማሹ የእኛው አገር ልጅ ነው። በመኪና ኮፈን ላይ በጠርሙስ ክዳን ዳማ ይጫወታል፣ አንዱ ከመኪናው ኋላ ሳምቡሳ ይሸጣል፣ የሁሉም ሬዲዮ በየራሱ ዘፈን ይጮሃል። የእኔ የልብ ወዳጅ ግርማ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዳማ ሲሸነፍ ክዳን ጠፍቶብኛል የሚል ሰው። ግርማን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ይህ ሁሉ ጣጣ የጀመረው በእሱ አፍ ነው።

እኔ ወደ ኪየቭ የሄድኩት ኢንጂነር ልሆን ነበር። በዚያ ዘመን ነፃ የትምህርት ዕድል ደርሶት ወደዚያ ያልሄደ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል። ዝርዝሩን ማን እንዳዘጋጀው አላውቅም፤ ብቻ ደርሰን ስማችን ሲነበብ የእኔ ስም ከቋንቋ ክፍል፣ ያውም ከዩክሬንኛ ቋንቋ ጋር ተጠራ። ተሳስተዋል ብዬ ላመለክት ሄድኩ። ቢሮ ያለችው ሴትዮ ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ፣ ብስኩት ሰጠችኝ፣ በጣም አዘነችልኝ፣ ዝርዝሩን ግን አልቀየረችውም። እንዲህ ሆኖ ነው አራት ዓመት የተማርኩት። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ጆሮዬ ለዘፈን የተፈጠረ ነው መሰለኝ፣ ዩክሬንኛ ሲናገሩት ዜማ አለው። ጆሮዬን የሚሸፍን የጠጉር ቆብ አድርጌ፣ ገበያ ላይ ከአሮጊቶች ጋር ስለ ዱባ ዋጋ እየተከራከርኩ፣ እየሳቁብኝ እየመረቁኝ ነው የለመድኩት። አምስተኛው ዓመት ሊጀመር ሲል ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። እዚያም ተገለባበጠ፣ አገር ቤትም ተገለባበጠ። የኪስ ገንዘባችን ቆመ፣ ሰዉ ወደየአቅጣጫው ተበተነ፣ እኔም ዞሬ ዞሬ ዴንቨር ገባሁ። የቀረኝ አንድ ዓመት ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ዋናው ሳይኮሊንጉዊስቲክስ የሚባለው ትምህርትና የመመረቂያ ጽሑፉ።

ዴንቨር ጥቂት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ወይንሸትን አየኋት። የሰው ሠርግ ላይ ነው፤ ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ሳህን ትሰበስባለች። አዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ሳህን ሲበዛባት የማትደነግጥ ሴት መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል። በወጉ መሠረት ወደ አጎቷ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። ዴንቨር ላይ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ሁለት ባለ ታክሲና አንድ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሰብስቤ ላክሁ። ከባለ ታክሲዎቹ አንዱ ግርማ ነው፤ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ዓመት አይሞላውም፤ ለሽምግልናው ሲል ከሰው ኮት ተውሶ ነበር። አጎትየው «ትምህርቱስ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግርማ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ከኪየቭ በቋንቋ ዲግሪውን ይዞ የመጣ ልጅ ነው» አለ። ይህን የሰማሁት ልጅቷ ከተፈቀደችልኝ በኋላ ነው። «ለምን እንዲህ አልክ?» ስለው «አራት ዓመትና አምስት ዓመት ምን ለያቸው? ሽማግሌ እኮ ነኝ፣ ያላማረ ነገር እንዴት እናገራለሁ?» አለኝ። ወይንሸት በደስታ ለአባቷ አዲስ አበባ ደውላ ነገረች። አባቷም ለዕድሩ ሁሉ ነገረ። እኔ በማግሥቱ ላርመው ብዬ ነበር፤ በማግሥቱም አልተመቸም፣ በሳምንቱም አልተመቸም፣ ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ማን እንዲህ ያለ ነገር ያነሳል። አንድ ቀን ራሷ «ዲፕሎማህ የታለ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ኪየቭ ቀርቷል፣ ይላካል» አልኳት። የግርማ ውሸት ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሆነ።

እንዲህ ሆኖ ወደ አሥር ዓመት ተኖረ። ሞንትቤሎ ላይ ቤት ገዛን፣ ሊያ ተወለደች፣ ዲፕሎማውም ኪየቭ እንደቀረ ቀረ። አንድ ቀን ወይንሸት ከሥራ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። የትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ዩክሬንኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ይፈልጋል መባሉን ሰምታለች። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ ቅዳሜና እሁድ እረፍት ነው። «ከዚያ ታክሲ ትወርድልኛለህ» አለች። «ዲፕሎማህን አስልከውና ኮፒ አድርገን እናስገባ።» «እሺ፣ እደውላለሁ» አልኩ። እሷ ወጥ እያማሰለች ታንጎራጉራለች፤ እኔ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ባልኩበት ቀና ማለት አቃተኝ።

ደወልኩም። ባለ ፏፏቴ ካርድ ፍቄ፣ ታክሲው ውስጥ ሆኜ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ስሜ መዝገብ ውስጥ አለ። ክፍሉን የምትመራው መምህርት ኦክሳና ትባላለች፤ እኔ ስማር ገና ትምህርት ቤት የነበረች፣ ደረቅ ያለች፣ ግን ቅን ሴት። ፋይሌን አውጥታ አየችና በርቀት መጨረስ እችላለሁ አለችኝ። ሌላው ውጤቴ ተይዟል፤ ሳይኮሊንጉዊስቲክሱን ተምሬ፣ በእሱ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርቼ በስልክ መከላከል ብቻ ይቀረኛል። ግን እስከ በጋው መግቢያ ካላለቀ የድሮ ፕሮግራም ተማሪዎች መዝገብ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የለም። ስምንት ወር ገደማ ነበረኝ። ስልኩን ሳጥፍ ወስኛለሁ፤ ዲፕሎማው እጄ ይገባል፣ ወይንሸትም መቼም አታውቅም።

መጻሕፍቱ በፖስታ መጡልኝ፤ በግርማ አድራሻ ነው ያስላክሁት፣ የጥፋቱ መጀመሪያ እሱ ስለሆነ። በተራ መጠበቂያው ሜዳ ላይ፣ ዳማው ሲንኳኳ፣ እኔ ከመሪው ላይ መጽሐፍ ደግፌ አነባለሁ። ትምህርቱ ሲያዩት አስፈሪ ነው፣ ሲገባህ ግን ደስ ይላል። ሰው ሲናገር ጭንቅላቱ ውስጥ ቃል ከቃል ጋር እንዴት እንደሚጠራራ የሚያጠና ነው። የተሰጠኝም ሥራ ይኸው ነው፤ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ሠላሳ የዩክሬንኛ ተናጋሪዎች ፈልጌ፣ ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ቃል አንድ በአንድ እጠራለሁ። ዳቦ፣ መንገድ፣ ውሃ፣ እናት፣ ቤት እያልኩ። ሰውየው ሳያስብ መጀመሪያ የመጣለትን አንድ ቃል ይመልሳል። በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ካልመለሰ ሰረዝ አድርጌ ወደሚቀጥለው ቃል አልፋለሁ። መመሪያው ላይ «ተናጋሪው ማብራሪያ ከጀመረ በትህትና አቋርጠው» ይላል። ይህችን መስመር ሳነብ ምንም አልታየኝም። ኮልፋክስ ሄጄ በሦስት ዶላር የሩጫ ሰዓት ገዛሁ፣ አንገቴ ላይ አሰርኩ፣ ተመራማሪ ሆንኩ።

ሰዎቹን ከየት ላምጣ እያልኩ ስጨነቅ ፓኒ ሃናን እግዜር ታክሲዬ ውስጥ አስገባልኝ። ፓኒ በእነሱ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ፒዮሪያ አጠገብ ካለ የአዛውንቶች አፓርታማ የሚኖሩ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ አበባ ያለበት ሻሽ የሚያስሩ ሴት ናቸው። አንድ ትልቅ ባልዲ ሙሉ የዲል ችግኝ ይዘው ገቡና በሩ ሲዘጋ አንዱ ስለተቀነጠሰ ከኋላ ወንበር በዩክሬንኛ ይረግሙኝ ጀመር። እርግማኑ ረጅም ነው፣ አያቴንም ይነካል። ዞር ብዬ በዚያው ቋንቋ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አልኳቸው። እርግማኑን አቆሙ። ከዚያ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ በእኛ አገር እንጂ በሌላ አገር ሰው ሲጠይቀኝ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እቤታቸው ስንደርስ ባልዲውን ተሸክሜ ገባሁ፤ ስወጣ ሦስት ሰዓት አልፏል።

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በእሳቸው ላይ ነው። ሰዓቱን አስነሳሁና «ዳቦ» አልኩ። ፓኒ ሃና «ዳቦ?» አሉና መሐረባቸውን አወጡ። አባታቸው ምድጃው ፊት ለፊት ተቀምጦ የዳቦውን ጫፍ ለማን እንደሚሰጥ፣ እህታቸው እንዴት እንደምትሰርቅ፣ የምድጃው በር እንዴት እንደሚያቃጭል ሲተርኩልኝ አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ። ሰዓቱ ደረቴ ላይ ይቆጥራል። እኔ አንገቴን ደፍቼ «እሺ፣ እሺ እናቴ» እላለሁ። አቋርጥ ይላል መመሪያው። እንዴት ነው የማቋርጠው? ትልቅ ሰው እያወራ፣ ያውም እንባ እያቀረረ፣ እጄን አንስቼ «ይበቃል፣ መንገድ» ልበል? እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሳለች። ሰረዙም እንደዚያው። አንዳንዷ አሮጊት ቃሉን ትሰማና መስኮቱን እያየች ዝም ትላለች። አምስት ሴኮንድ አለፈ ብዬ በእሷ ስም ፊት ሰረዝ ላድርግ? ስድብ ሆኖ ታየኝ። እጠብቃለሁ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ የምትናገረው ነገር በአንድ ቃል የሚጻፍ አይደለም።

ሠላሳ ቃል በአንድ ቀን ስለማያልቅ እያንዳንዳቸው ጋ ሁለቴ ሦስቴ መመላለስ ግድ ሆነ። ፓኒ ሃና ጓደኞቻቸውን በሙሉ አስተባበሩልኝ፤ «የታክሲው ፕሮፌሰር» ነበር የሚሉኝ። የምሄደው ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ታክሲው የሚቀዘቅዝባቸው ቀናት። አንዷም ሳታበላ አትለቅም። ጾም ነው ስላቸው ገሚሶቹ ይገባቸዋል፣ ገሚሶቹ ደግሞ የጴንጤ አማኞች ስለሆኑ ጾም የሚሉት ሌላ ነው፤ ሁሉም ግን መላ አያጡም። ሥጋውን ትተው ቀይ ሥር ሾርባ፣ በነጭ ሽንኩርት የታሸ ድንች፣ በዘይት የተጠበሰ እንጉዳይ ያቀርባሉ። በሁሉም ላይ እንደ በርበሬ የሚነሰነሰው ያ ዲል ነው። ጃኬቴን ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ነው የሚሰቅሉልኝ።

እቤቴ ምን እየሆነ እንደነበር ያን ጊዜ አልገባኝም። ሳስበው አሁን ይገርመኛል፤ የሰው ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ቃል እንዴት እንደሚሄድ ሳጠና የገዛ ሚስቴ አፏን መዝጋቷን ሳላይ ቆየሁ። ወይንሸት ወሬኛ ሴት ናት። ከሥራ ስትመጣ የአዛውንቶቹን ነገር እያስመሰለች ታወራኛለች፣ እኔ እስቃለሁ። ቀስ በቀስ ይህ ቀረ። ረቡዕ ሽሮ ታቀርባለች፤ «ጠግቤያለሁ» እላታለሁ። ዓርብም ጠግቤያለሁ። አንድ ቀን ጃኬቴን አንስታ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ አየኋት። «ምን ይሸታል?» አለችኝ። «ተሳፋሪ ነዋ፣ አንዷ ቅጠል ይዛ ገብታ» አልኳት። እውነት እኮ ነው። «ሁልጊዜ እሷ ናት የምትሳፈረው?» አለችኝ። እኔ የነቃችብኝ መሰለኝ፤ ማለቴ በዲፕሎማው። ግርማን «ጠርጥራለች» ስለው «ታዲያ ፍጠን እንጂ» አለኝ። ፈጠንኩ። ስፈጥን ደግሞ ማክሰኞንም ጨመርኩበት። ዲፕሎማውን በተመለከተ «ገና አልላኩም?» ማለቷን ራሱ ትታዋለች፤ እኔ ተመስገን አልኩ። የአስተርጓሚውንም ሥራ ሌላ ሰው ያዘው ስትለኝ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ያኔ ቁጭ ብዬ መናገር ይገባኝ ነበር። ግን ሃያ ስድስት ሰው ጨርሼ አራት ሲቀረኝ ማን ይናገራል?

የመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ የተደረገው ከተራ መጠበቂያው ሜዳ ነው፤ እዚህ ጠዋት፣ እዚያ ወደ ማታ። ክራባት አስሬ ነበር፣ በስልክ ማን እንደሚያየኝ እንጃ። ፓኒ ኦክሳና ከሁለት መምህራን ጋር ተቀምጣለች። ስለ ትምህርቱ የጠየቁኝን ደህና መለስኩ። ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ። «እዚህ ላይ ዳቦ ለሚለው ቃል የመልስ ጊዜ አሥራ አንድ ደቂቃ ይላል። ሴኮንድ ለማለት ነው?» አለች። «አይደለም፣ ደቂቃ ነው» አልኩ። «ቤት ለሚለው ደግሞ አርባ ደቂቃ?» «እሱ ላይ ሻይ ጠጥተናል።» አንደኛው መምህር ሲያስል ሰማሁ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁትም። «ለምን አላቋረጧቸውም?» አለችኝ። «በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም» ስላት ያቺ ለስላሳ የካርድ ሴትዮ «አንድ ደቂቃ ቀርቶዎታል» አለች። በመስኮቱ ለግርማ እጄን አወናጨፍኩ። ግርማ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሽማግሌ የሚያሰኝ ሥራ ሠራ፤ ዳማውን ትቶ ሮጦ መጣ፣ ካርድ አውጥቶ በዳማ ክዳኑ ፍቆ ቁጥሩን እያነበበ አስደወለኝ። መስመሩ ሲመለስ ተማክረው ጨርሰዋል። «ይህ እንደ ሙከራ አይቆጠርም፤ ሕጉን አልጠበቀም» አለች ፓኒ ኦክሳና። «ግን ሙከራው ለምን እንዳልሠራ የጻፉት ምዕራፍ አለ፤ በሰውና በቃሉ መካከል ሌላ ሰው ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን። እሱን ሦስታችንም ሁለት ጊዜ አንብበነዋል። ሦስት ሰጥተንዎታል።» እነሱ ጋ ከአምስት ነው የሚታረመው፤ ሦስት ማለት ለጥቂት አለፍክ ነው። ከመኪናው ወርጄ ግርማን አቀፍኩት። ሳምቡሳ ሻጩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አንድ ሳምቡሳ በነፃ ሰጠኝ።

ዲፕሎማው የመጣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ የመጣው ግን ወደ ግርማ ሳይሆን ወደ ቤቴ። ፓኒ ኦክሳና ፋይሌ ላይ ያለውን የቤት አድራሻ ተጠቅማለች፤ ቅጹ ላይ የሞላሁት ራሴ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስገባ ወይንሸት የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ያለው ነገር ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል። ፊደሉን ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። ጣቷን ቀኑ ላይ አሳርፋለች።

«ይሄ ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፤ ጃኬቴን እንኳ አላወለቅሁም።

«ያለፈው ወር ነው እኮ የሚለው» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ገናን ከእኛ ጋር ነው የሚያከብሩት ብለኸኝ ነበር። ዓመቱንም የሚቆጥሩት በራሳቸው ነው እንዴ?»

ይህን ያለችው ተንኮል አስባ አልነበረም። ማምለጫ በር ከፍታ እያሳየችኝ ነው፤ አዎ ብዬ ብገባበት ትዘጋልኛለች፤ ነገሩ ያልቃል። እኛ የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ያለን ሰዎች ይህን የመሰለ ምክንያት አይጎድለንም፤ ስንቱን ልደት፣ ስንቱን ወረቀት አስተካክለንበታል። አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ዓይኗን አየሁት፤ አብጧል፣ ቀልቷል፤ የዚያ ቀን ብቻ ለቅሶ አልነበረም።

«አይደለም፣ የዘንድሮ ነው» አልኳት። «ያን ጊዜ አልጨረስኩም ነበር። አሁን ነው የጨረስኩት።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ግርማ ያለውን፣ እኔ ያላልኩትን፣ መጻሕፍቱን፣ ሠላሳውን ሰዎች፣ ረቡዕና ዓርብን። ዲሉን ስጠቅስ እጇን አነሳች።

«አሮጊቶች?» አለች።

«አሮጊቶች።»

ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈችና ሳቀች፣ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ታለቅስ ጀመር። «ዲግሪ የለኝም ብትለኝ ኖሮ አንድ ቀን ስቄብህ በማግሥቱ እረሳው ነበር» አለች። «አንተ ግን ስምንት ወር ሙሉ አስለቀስከኝ። ልብስህን ሳጥብ አልቅሻለሁ። ሥራ ቦታ ሽማግሌ እያጠብኩ አልቅሻለሁ። ሊያን ይዤ የት እንደምሄድ አስቤ ጨርሼ ነበር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሊፈርስብኝ ይችላል ብዬ የምፈራው አንድ ወረቀት ነበር። አጠገቤ ሌላ ነገር ሲፈርስ ውሏል። ወይንሸት ፊቷን ጠረገችና ቦርሳዋንና ዲፕሎማውን አነሳች። «ተነስ» አለችኝ። «ውሰደኝና በዓይኔ አሳየኝ።»

ከሞንትቤሎ እስከ ፒዮሪያ በታክሲው ሄድን፤ ከኋላ ነው የተቀመጠችው፣ እንደ ተሳፋሪ። ፓኒ ሃና በሩን ሲከፍቱ አበባ ያለበት ሻሻቸውን አስረው፣ በመራመጃቸው ተደግፈው፣ ሽርጣቸው ላይ የድንች ልጣጭ ተጣብቆ ነበር። ወይንሸት ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። ከዚያ ዞራ በቦርሳዋ ትከሻዬን አንድ ጊዜ መታችኝ፤ ጠንከር ያለ ምት ነው። ወዲያው አሮጊቷን አንገታቸውን አቅፋ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ፓኒ ሃና ማን እንደሆነች አልጠየቁም፤ በአንድ እጃቸው መራመጃውን ይዘው በሌላው ጀርባዋን ይደባብሳሉ። ከትከሻዋ በላይ ቆጣ ብለው አዩኝ።

«ምን ብለሃት ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» አሉኝ በዩክሬንኛ።

ዲፕሎማዬ መኪናው ውስጥ ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ቃል ግን ለማግኘት ብዙ ቆምኩ፤ እሳቸውም ጠበቁኝ።

«ምንም አላልኳትም፣ እናቴ» አልኳቸው። «ያስለቀሳት ይኸው ምንም አለማለቴ ነው።»